«ሌሎች» በሚለው ረድፍ ውስጥ ስለገቡት አያቴ

ለተከበሩ የቴክኖሎጂ ስጋት አመራር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በከፍተኛ ስጋትነት ስለመመደባችን ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች በሙሉ እንደምን ከርማችኋል እያልኩ በታላቅ ትሕትና ጤናችሁን እጠይቃለሁ። መሣሪያዎቹን ከቤተሰብዎ ጋር አብሬ መጠየቄ ቀልድ እንዳይመስልብኝ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ያወጣውን የስጋት አመራር መመሪያ ካነበብኩ በኋላ የማን ደህንነት መቅደም እንዳለበት በደንብ ስለገባኝ ነው፤ እንዲያውም ቤተሰብዎን ያስቀደምኩት በልማድ ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ። እኛ ደህና ነን። በመመሪያዎ አነጋገር ደህና ነን ማለቴ ነው፤ መሣሪያው በእኛ ምክንያት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልቆመም።

ማን እንደሆንኩ አያውቁም፤ ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ጥቂት ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ በአክስቴ ፎቶኮፒ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ወረቀት እደረድራለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እጠርዛለሁ። ፊት ለፊት ከደንበኛ ጋር የምትነጋገረው አክስቴ ናት፤ ሰፈሩ ነጎድጓድ እያለ ነው የሚጠራት፣ ምክንያቱን ለማወቅ ሱቁ ድረስ መምጣት አያስፈልግም፣ መንገዱ ማዶ መቆም ይበቃል። የእሷ ድምፅ የሁለታችንንም ድርሻ የወሰደ ይመስለኛል። እኔ ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀርና ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወረቀት ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ድፍረት ካገኙ የእኔ ሳይሆን የወረቀቱ ነው ብለው ይለፉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ሲተክሉና የቁልፍ ቀዳዳ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀኝ ዓይናቸውን ጨርሶ ጋርዶት አሁን ወደ ግራው ተሻግሯል። ባለፈው ወር በጤና ጣቢያው ያሉት ሐኪም ዓይናቸውን በመብራት ሲመለከቱ ቆይተው፣ ግራውም ሳይጠፋ ቶሎ መሠራት አለበት ብለው ለፊታችን ሐሙስ የቀዶ ሕክምና ተራ ሰጧቸው። ተራ ያገኘ ሰው ሁሉ ከቀኑ በፊት፣ ከተመዘገበበት ስልክ ቁጥር ብቻ ደውሎ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ላስገባው የድምፅ መልስ ሰጪ መሣሪያ «አዎ፣ እመጣለሁ» ብሎ ማረጋገጥ አለበት፤ ካላረጋገጠ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። የሚቀጥለው ተራ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ሐኪሙን የአያቴ ግራ ዓይን ስምንት ወር ይቆያል ወይ ብዬ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ከንፈሬ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እሳቸው ግን ገብቷቸው ኖሮ ዓይናቸውን ወደ ወረቀታቸው መለሱ።

በመጀመሪያ የደወሉት ራሳቸው አያቴ ናቸው። መልስ ሰጪዋ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ «እንኳን ደህና መጡ፤ ተራዎን ለማረጋገጥ አዎ ወይም አይደለም ይበሉ» ስትል፣ አያቴ ሰው ሰላም ሳይባል ወደ ጉዳይ አይገባም ብለው ስለሚያምኑ «እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? እናትሽስ ደህና ናቸው? ሥራው እንዴት ይዞሻል?» ብለው ጠየቋት። እሷም «ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለች። አያቴ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ እኔ ዞር አሉና «እናቷን ብጠይቃት አልገባኝም አለችኝ፤ ምስኪን፣ ሞተውባት ይሆናል» አሉኝ። ከዚያም ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ አጽናኗት።

በሁለተኛው ቀን የደወልኩት እኔ ነኝ። አዎ የሚለውን ቃል ከጠዋት ጀምሮ በልቤ ስለማመድ ውዬ፣ ሰዓቱ ሲደርስ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ አልኩት። ሰው ቢሆን ይበቃው ነበር። «ምንም አልሰማሁም» አለችኝ። ደነገጥኩና ራሴን ነቀነቅሁላት።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «አዎ! አዎ እኮ ነው የምልሽ! በስንት ቋንቋ አዎ ልበልሽ አንቺ!» ብላ ስትጮህ መስኮቱ ላይ የነበሩት እርግቦች ተነሥተው ሄዱ፤ መልስ ሰጪዋ ግን «ድምፅዎ ግልጽ አይደለም» አለቻት። በሕይወት ዘመኔ አክስቴን ድምፅሽ ግልጽ አይደለም ያላት ፍጡር እሷ ብቻ ናት፤ ለዚህ ብቻ አከብራታለሁ።

በማግሥቱ መልእክት ደረሰን። «ይህ ስልክ ቁጥር ከአገልግሎቱ ጋር የማይገናኝ ንግግር በተደጋጋሚ በማድረጉ በከፍተኛ ስጋት ተመድቦ ታግዷል። ቅሬታ ካለዎት ከዚሁ ቁጥር ወደ አገልግሎቱ ይደውሉ» ይላል። ደወልን። ገና ሳይጠራ ይዘጋል። ክቡርነትዎ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ስለዚህ የታገደ ስልክ ስለመታገዱ በታገደው ስልክ እንዴት እንደሚያመለክት የተማረ ሰው እስኪያስረዳኝ ድረስ እየጠበቅሁ ነበር።

የሚያስረዳኝ ግን ራሱ መጣ። በዚያው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው መመሪያዎን ይዞ ወደ ሱቃችን ገባና ስልሳ ቅጂ አዘዘ። አክስቴ የደንበኛ ወረቀት አይነበብም የሚል ሕግ አላት፤ ሆኖም ሳያዩ መደርደር አይቻልም፣ ገጹ ይገለበጣል። ደግሞም ሽፋኑ ላይ በደማቁ «ለሕዝብ ይፋ የሚሆን» ተብሏል፤ እኔም ድምፄ ባይሰማም ሕዝብ ነኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አርባ አራቱንም ገጽ እያንዳንዱን ስልሳ ስልሳ ጊዜ አንሥቻለሁ። አንድን ገጽ ስልሳ ጊዜ ያነሣ ሰው ሳይፈልግም በቃሉ ይይዘዋልና፣ መመሪያዎን ከአዘጋጆቹ እኩል፣ ምናልባትም ከአንዳንዶቹ ይበልጥ፣ አውቀዋለሁ ብል ድፍረት አይሁንብኝ። ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎች በቁጥር ያስቀመጥኩትም የመመሪያዎን አጻጻፍ በመከተል ነው።

አንደኛ፤ ስጋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ገጽ ሦስት ላይ «ስጋት ማለት የመሣሪያውን ሥራ ሊያስተጓጉል፣ ሊያዘገይ ወይም መልካም ስሙን ሊያጎድፍ የሚችል ማንኛውም ክስተት ወይም ሰው ነው» ይላል። እኔ እስከዚያን ቀን ድረስ ስጋት ወደ ሰው የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ወደ መሣሪያው የሚመጣው ሰው ኖሯል። ይህንን ለአያቴ ሳነብላቸው ያዝናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ሻሻቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ተቀመጡ። «እኔን ነው የፈሩት? በዚህ ዓይኔ?» አሉ። ሰባ አንድ ዓመት ሲኖሩ የፈራቸው ሰው አልነበረም፤ ድመታችን እንኳ ከእጃቸው ላይ ነጥቃ ትበላለች። በስተእርጅና ይህን ክብር ስለሰጧቸው ያመሰግኑዎታል። ከዚያን ቀን ወዲህ አክስቴ ቤት ስትገባ «ከፍተኛ ስጋት እንዴት ዋሉ?» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም «ዝቅተኛዋ መጣሽ?» ይሏታል።

ሁለተኛ፤ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ስላለው ሠንጠረዥ። ይህን ሠንጠረዥ በጣም እወደዋለሁ፤ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። አንድ ክፉ ነገር ሊደርስ የሚችልበት ዕድል በቁጥር ይቀመጣል፣ ጉዳቱ ለሚደርስበት አካልም ክብደት በቁጥር ይሰጠዋል፣ ሁለቱ ሲባዙ ስጋቱ ይገኛል። ጉዳት የሚደርስበት አካል በሚለው ሥር መሣሪያው አምስት አግኝቷል፣ ጽሕፈት ቤቱ አራት፣ መሣሪያውን ያቀረበው ድርጅት ሦስት። በመጨረሻ «ሌሎች» የሚል አንድ ቀጭን ረድፍ አለ፤ ፊት ለፊቱ ዜሮ ተጽፏል። አያቴን ከላይ ጀምሬ ፈለግኋቸው። መሣሪያ አይደሉም። ጽሕፈት ቤት አይደሉም። መሣሪያም አላቀረቡም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያቀረቡት ቁልፍ ነው። ስለዚህ «ሌሎች» ውስጥ አገኘኋቸው፤ ሐኪሞቹም፣ የሰፈሩ ሰውም፣ እኔም እዚያው ተጨናንቀን ቆመናል።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም በዜሮ ማባዛት አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ዕድሉ የፈለገውን ያህል ትልቅ ይሁን፣ በዜሮ ሲባዛ ዜሮ ነው። በዚህ ስሌት በከተማው ያለው ሰው ዓይን በሙሉ በአንድ ቀን ቢጠፋ ስጋቱ ዜሮ ይሆናል፤ ከመካከላቸው አንዱ እየዳበሰ ሲሄድ መሣሪያው ላይ ካልተደናቀፈ በስተቀር። ይህንንም ለአያቴ ነገርኳቸው። ይኼኛውን አልሳቁበትም። «ስፌት ቤት ሳለን አንድ ቁልፍ ሲጎድል እንኳ ጎደለ ተብሎ ይጻፍ ነበር» አሉና እጃቸውን ማፍተልተል ጀመሩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሙከራው። ገጽ አሥራ ሰባት እንደሚለው መልስ ሰጪዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት በአሥራ ሁለት ሰዎች ላይ ተሞክራ አሥራ ሁለቱንም ያለ አንዳች ስሕተት ሰምታለች። አሥራ ሁለቱም የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች ናቸው፤ ሙከራው የተካሄደውም በር ተዘግቶ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። በስብሰባ መናገር የለመዱ አሥራ ሁለት ሰዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ድምፃቸው መሰማቱን ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን፤ እኛም ተጠራጥረን አናውቅም። ከዚያ በታች በትንንሽ ፊደል፣ ከመቶ ደዋይ አራቱ ላይሰሙ እንደሚችሉና ይህም «ተቀባይነት ያለው ቀሪ ስጋት» እንደሆነ ይናገራል። ቀሪ የሚለው ቃል ገብቶኛል፤ እኛ ነን። ተቀባይነት የሚለው ላይ ግን ቆምኩ። አንድን ነገር የሚቀበለው የተሰጠው ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ይህን ተቀብለሽ ፈርመሻል ወይ ብዬ ሁሉንም ጠይቄያለሁ፣ የሚያስታውስ የለም። ምናልባት የተቀበላችሁልን እናንተ ከሆናችሁ፣ ስለ ደግነታችሁ እያመሰገንኩ፣ መልሰን ልንሰጣችሁ የምንችልበትን አሠራር እንድታሳዩን እጠይቃለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ጥበቃው። ሰኞ ዕለት እንደ ምንም ብዬ ራሴ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ክፉ ሰው አይደሉም። የያዝኩትን ካርድ አይተው «እህቴ፣ ተራ በስልክ ነው» አሉኝ። ስልኩ እንደታገደብን የአያቴን ካርድና መልእክቱን እያሳየሁ በምልክት ጭምር አስረዳኋቸው። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። «እሱም በስልክ ነው የሚነገረው» አሉኝ፣ ራሳቸው ግን ያሉትን ሲሰሙ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «ምን ላርግሽ እሺ? እኔንም እኮ ባለፈው ስደውልላት አግዳኛለች፤ ደህና ዋይ ሳልላት ስልክ አልዘጋም ብዬ» አሉ።

ድሮ ተራ ይሰጥ የነበረው መስኮት በካርቶን ተደፍኗል። እዚያ ይቀመጡ የነበሩት ጸሐፊ፣ ሁላችንም እትዬ ተራ የምንላቸው፣ አሁን የአሮጌ ካርዶች ክፍል ውስጥ ናቸው። መመሪያዎ ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ስለ እሳቸው ሳይጠራቸው «በሰው እጅ የሚሠራ ምዝገባ ለስሕተት የተጋለጠ በመሆኑ ስጋት ነበረበት» ይላል። እውነት ነው፤ መዋሸት አልፈልግም። እትዬ ተራ አንድ ጊዜ ሁለት ሰው ለአንድ ሰዓት መዝግበው አንደኛው፣ አናጢው ጎረቤታችን፣ ሳይታከም ተመልሷል። ነገር ግን ያን ዕለት ከመስኮቱ ጀርባ ወጥተው አናጢው ፊት ቆሙና «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገ ጠዋት በመጀመሪያ አንተ ነህ» አሉት፣ በማግሥቱም መጀመሪያ እሱ ነበር። ስሕተታቸው ፊት ነበረው፤ ተቆጥተን የምንጮህበት፣ ሲያፍርም የምናየው ፊት። የአሁኑ ስሕተት ፊት የለውም፤ እንዲያውም ስሕተት አይባልም፣ ከመቶ አራት ይባላል።

አምስተኛው ምስጋና ረዥም ነበር። አክስቴ አንብባ ይኼ ያሳስርሻል ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ፤ እንደደረሰዎት ይቁጠሩልኝ።

ስድስተኛ፤ ሕዝብን ስለማማከር። ገጽ አርባ ላይ «ሕዝቡ በዚህ መመሪያ ላይ ያለውን አስተያየት በድምፅ መልስ ሰጪው በኩል እንዲሰጥ ለአንድ ወር ተጠይቆ የተሰማ ተቃውሞ አልነበረም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ክቡርነትዎ፣ ይህችን ገጽ ስደርድር ሠላሳኛው ቅጂ ላይ ስደርስ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ፤ አክስቴ ማሽኑ ተበላሸ ብላ ከፊት ሮጣ መጣች። ባነብላት እሷም ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። በመመሪያው ውስጥ ካሉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እጅግ እውነተኛው ይህ ነው፤ የተሰማ አልነበረም ይላል እንጂ የተናገረ አልነበረም አይልም። ይህን የጻፈውን ባልደረባዎን እግረ መንገድዎን እጅ ይንሱልኝ።

ከአርባ አራቱ ገጽ ቀጥሎ የአክስቴን መመሪያ ባቀርብ ከሥነ ሥርዓት ጉድለት እንዳይቆጠርብኝ እሰጋለሁ፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። በኋላ ክፍላችን፣ ከትልቁ የወረቀት መቁረጫ በላይ፣ በካርቶን ላይ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ «መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ ወረቀት፣ ማሽን መጨረሻ» ይላል። ከመጻፉ በፊት መቁረጫው የአክስቴን የግራ እጅ ትንሽ ጣት ጫፍ ወስዶታል። ደሙን በጨርቅ ጠቅልላ ከሐኪም እንደተመለሰች መጀመሪያ የሠራችው ሥራ ያንን ካርቶን መጻፍ ነበር፤ መቁረጫውንም አልጣለችውም፣ ዛሬም የእርስዎን መመሪያ ጠርዝ ያስተካከልኩት በእሱ ነው። እኔም መሣሪያ የማልወድ ሰው አይደለሁም፤ ከመሣሪያ ጋር ነው የምውለው፣ እንደ ሰው አልፈራውም። ነገር ግን ፎቶኮፒው ወረቀት ሲነክስ ክዳኑን ከፍተን ማሽኑን እንመለከታለን እንጂ ወረቀቱን በከፍተኛ ስጋት መድበን ከሱቅ አናባርርም። ወረቀቱ ትንሽ የታጠፈ ሊሆን ይችላል። እርጥበት ነክቶት ሊሆን ይችላል። ወረቀት እንዲህ ነው፤ ማሽኑ የተገዛው ለወረቀት ነው።

ሌሊት በሐሳቤ ስመላለስ የቆየሁበትን ደግሞ ልንገርዎ። መጀመሪያ ላይ የመሰለኝ እናንተ ስጋትን ረስታችሁታል የሚል ነበር። ተሳስቻለሁ፤ አርባ አራት ገጽ ሙሉ ስትሰጉ ነው የዋላችሁት። መሣሪያው እንዳይቆም ሰግታችኋል፣ ስሙ እንዳይጎድፍ ሰግታችኋል፣ አቅራቢው እንዳይቀየም ሰግታችኋል። ይህን ያህል ሰው በአንድ ቤት ተሰብስቦ ይህን ያህል ሲሰጋ አንድ እንኳ ስለ እኛ አለመስጋቱ ነው የገረመኝ። ምናልባት ስጋቱ ምን እንደሆነ የሚወሰነው ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው የሚፈራውን ከጻፈ በኋላ ይሆናል፤ እኛ ደግሞ ጠረጴዛው አጠገብ አልነበርንም፣ ብንኖርም እኔ አልናገርም ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ ሦስት ገጽም አይሞላም። መልስ ሰጪዋ ትባረር አልልም፤ አያቴ አይፈቅዱም፣ ሐዘንተኛ ናት ብለው ያምናሉ። የምለምነው ቁጥራችን እስከ ረቡዕ ማታ እንዲከፈት፣ የእትዬ ተራ መስኮት ላይ ያለው ካርቶን ላልተሰሙት አራቶች ሲባል እንዲነሣ፣ እንዲሁም በገጽ አሥራ አንዱ ሠንጠረዥ ላይ ከመሣሪያው በላይ አንዲት ረድፍ ተጨምራ «ሰው» ተብሎ እንዲጻፍ ነው። ስንት ቁጥር እንደሚሰጠን አልጠይቅም። ዜሮ ካልሆነ የቀረውን ራሳችን እናባዛለን።

ቁጥሩ እስከ ረቡዕ ካልተከፈተ ምን እንደማደርግ ለመወሰን እርስዎ እንዳስተማሩኝ ሠንጠረዥ አስምሬያለሁ። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ መናገርን ጻፍኩ። የመድረስ ዕድሉ እርግጥ ነው፤ ጉዳቱም ፊቴ ይቀላል፣ ወረፋ የያዘው ሰው በሙሉ ዞሮ ያየኛል፣ ምናልባት ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ አለቅሳለሁ። በሁለተኛው ረድፍ ላይ ዝም ማለትን ጻፍኩ። ጉዳት በሚለው ሥር የአያቴን ግራ ዓይን ጽፌ እርሳሱን አስቀመጥኩ። ማባዛት አላስፈለገኝም።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አያቴን ይዤ እመጣለሁ። ጥበቃው በስልክ ነው ይሉኛል፤ እኔም እዚያው በሩ ላይ ቆሜ፣ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ እየተነፈስኩ፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ድረስ በሚሰማ ድምፅ «አዎ፣ መጥተናል» እላለሁ። አንድ ጊዜ ካልተሰማ ደግሜ እላለሁ። ቢመቸዎት በቦታው ተገኝተው ከፍተኛ ስጋት ምን እንደሚመስል ቢመለከቱት ደስ ይለኛል፤ እርስዎ ሁለቱም ዓይኖችዎ ደህና እንደሆኑ ሰምቻለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለመሣሪያዎችዎ ረዥም ዕድሜ፣ ለሠንጠረዦችዎ ቀጥ ያለ መስመር፣ ለእርስዎም በስተእርጅናዎ «አልገባኝም» የማይልዎ ሰው እመኛለሁ።

የመመሪያዎ ትጉህ አንባቢና ጠራዥ፣
ከፎቶኮፒ ቤቱ የኋላ ክፍል

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው ሐኪም
ለእትዬ ተራ፣ አሮጌ ካርዶች ክፍል
ለጥበቃው፣ ቆባቸውን ሲያወልቁ እንዲያነቡት
ለሱቃችን በር፣ ለመብራት ምሰሶውና ለጤና ጣቢያው አጥር፣ በሦስት በሦስት ቅጂ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያዘዙት ስልሳ ቅጂ ተጠርዞ ካለቀ አምስት ቀን ሆኖታል። ባልደረባዎ ሲያልቅ ደውሉልኝ ብሎ የሰጠን ቁጥር ላይ ብንደውል ያነሣችው ያቺው መልስ ሰጪ ናት፤ አክስቴ «መመሪያችሁ አልቋል!» ብትላት፣ ከአገልግሎቱ ጋር የማይገናኝ ንግግር ነው ብላ የሱቁንም ስልክ አግዳብናለች። መደርደሪያችን ጠባብ ስለሆነ ሳይወሰድ የሚቀረውን ወረቀት ማዕዘኑ ላይ ለተቀመጡት ለውዝ ሻጭ እንሰጣለን። እሳቸውም ትናንት መጥተው አንዱን ገጽ በጣታቸው አሽተው፣ ጠቅልለው፣ ለውዝ ሞልተው፣ አፉን አጥፈው ገልብጠው ካዩት በኋላ «ጥሩ ነው፣ አንድም ፍሬ አይጥልም» ብለው መስክረዋል፤ ከመመሪያው ውስጥ ማንንም የማይጥል ነገር የተገኘው በዚህ መንገድ ብቻ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ።